ጀበናው ገባ፣ ሠሪዋ ደጅ ቀረች፦ በጎንደር አፀደ ሕፃናት ስለ መገለል በሥዕል መጽሐፍ ማስተማር

ለማስተርስ ጥናቴ የመረጥሁት ጥያቄ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስል ነበር። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ሕፃናት፣ ሰዎች በትውልዳቸው ምክንያት ተለይተው እንዲኖሩ መደረጋቸውን በሥዕል መጽሐፍ አማካይነት ምን ያህል ሊረዱ ይችላሉ? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የጥናቱን ውጤት የሚያቀርብ አይደለም፤ እርሱ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ በወጉ ይቀርባል። እዚህ የምጽፈው በዘዴው ምዕራፍ ውስጥ «ከዕቅድ ውጪ ያጋጠመ ሁኔታ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የታለፈውን ነው። ዐረፍተ ነገሩን የጻፍሁት እኔው ራሴ ስለሆንሁ፣ ማን አሳጠረብኝ ብዬ የምወቅሰው የለኝም።

በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ አፀደ ሕፃናት ውስጥ፣ ከወላጆች ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ፣ ለኦ ክፍል ልጆች ማንበብ ጀመርሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከውጭ አገር የመጣች አንዲት ዘመዴ ያመጣችልኝ የሩቢ ብሪጅስ ታሪክ ነበር። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ኮልስ የጻፈው፣ ጆርጅ ፎርድ ሥዕሎቹን የሠራለትና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ነው። ሩቢ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በስድስት ዓመቷ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፌዴራል መንግሥት ሹማምንት ታጅባ ገባች። የነጮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፤ ሰዎች በየማለዳው በሩ ላይ ቆመው ጮኹባት። ባርባራ ሄንሪ የተባለች ከቦስተን የመጣች ነጭ መምህርት ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን አስተማረቻት። መጽሐፉን ሥዕሎቹን እያሳየሁ በቃሌ በአማርኛ ተረክሁላቸው።

ልጆቹ ታሪኩን በፍጥነት ተረዱት፤ በሁለተኛው ቀን እነርሱ ይተርኩልኝ ጀመር። የተቸገርሁት እኔ ነኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ሩቢ «ጥቁር» ናት። በእኛ ቋንቋ የሰው መልክ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባለ ይለያል፤ ያውም በአንድ እናት ልጆች መካከል። «እዚህ ሥዕል ላይ ጥቁሩ የቱ ነው?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ የሩቢን ፀጉር ጠቆመኝ። «ሩቢስ?» አልሁት። «እሷማ ጠይም ናት፤ እንደ እኔ።» በአሜሪካ የአንዲትን ልጅ ዕጣ የወሰነው ቃል በጎንደር ክፍል ውስጥ የፀጉር ቀለም ሆኖ ቀረ።

«ዘር» የሚለው ቃልም አልተሻለኝም። «ሩቢን በዘሯ ምክንያት ለዩዋት» ስል አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ዘር ገበሬ የሚዘራው መሆኑን፣ አጎቱም ገብስ እንደሚዘራ አስረዳኝ። ልጁ ትክክል ነበር። ቃሉ በመጀመሪያ የእርሻ ነው፤ ኋላ የቤተሰብ፣ ከዚያም የነገድ፣ ከዚያም የቆዳ ቀለም ስም ሆኗል። ዛሬ በአዋቂ ጆሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም፤ ቃሉን ስጠራ ረዳት መምህርቷ በሩ መዘጋቱን ለማየት ዞር አለች። ከዚያን ቀን በኋላ ቃሉን ትቼ «ለብቻዋ አስቀመጧት» ማለት ጀመርሁ። በአጋጣሚ ያደረግሁት ይህ ለውጥ፣ ማለትም የሰውየውን ዓይነት ትቶ የተደረገበትን ድርጊት መናገር፣ በኋላ ትልቁ ትምህርቴ ሆነ።

ሕፃናት ለዚህ ጉዳይ ገና ናቸው የሚለውን ሥጋት ከወላጆችም ከመምህራንም ሰምቻለሁ። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉት ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሻንጉሊቶች ያደረጉት ጥናት ግን ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች የትኛው መልክ እንደሚከበርና የትኛው እንደሚናቅ አስቀድመው ማወቃቸውን አሳይቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ውስጥ መለያየትን ሕገ ወጥ ባለበት ውሳኔ ተጠቅሷል። እንግዲህ ልጆች ገና አይደሉም፤ እኛ እስክንነግራቸውም አይጠብቁም።

ቀጥዬ ታሪኩን ወደ አገራችን ለማምጣት ፒያሳን መረጥሁ። ጎንደሬ ሁሉ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን ያውቃል። ጣሊያኖች ከተማዋን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ባወጣው ፕላን የጣሊያኖቹ ሰፈርና «የአገሬው» ሰፈር ተለያይተው ተነደፉ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕጋቸው ደግሞ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። ይህን ለልጆቹ በሚመጥን መልክ በፎቶግራፎች ነገርኋቸው። «አሁን የሉም?» አሉኝ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ መውጣቷን ስነግራቸው አጨበጨቡ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ማስታወሻዬ ላይ «ትምህርቱ ተሳክቷል» የሚል ተጽፏል።

ማስታወሻውን ዛሬ ሳየው ያሳፍረኛል። የተሳካው ክፉው ሰው ሩቅ ስለነበረ ነው። የኒው ኦርሊንሱ በባሕር ማዶ፣ የፒያሳው ከሰማንያ ዓመት በፊት የሄደ፤ ከክፍሉ ልጆች መካከል ቤቱ ሲገባ እነዚያን ሰዎች የሚያከብርለት አያት ያለው የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ረዳት መምህርቷ ልጆቹ እጃቸውን እንዲያፍታቱ በማለት ጭቃ አመጣች፤ ሩቢ የገባችበትን ትምህርት ቤት በጭቃ ሊሠሩ ነበር። አንድ ልጅ እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። ለምን እንደማይነካ ስጠይቀው፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው ዝቅ ብሎ፣ ሁሉም ግን በሚሰማው ድምፅ፣ «አያቴ ጭቃ የሚሠሩ ሰዎች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብላኛለች» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሁለት ሌሎች ልጆች እጃቸውን ከጭቃው አነሡ። በጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠች ልጅ ግን መሥራቷን አላቆመችም፤ ከሁሉም አስቀድማ ግድግዳውን አቁማ ነበር፤ ጣቶቿ ሥራውን የሚያውቁ ነበሩ። እናቷ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች ከወላጆች ቅጽ ላይ አንብቤያለሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ መገለል ሳስተምር ቆይቼ፣ መገለሉ ራሱ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ የወጣኝ ቃል «እሽ፣ እንዲህ አይባልም» የሚል ብቻ ነበር። ከዚያም መዝሙር ጀመርን።

በማግስቱ የልጅቷ እናት መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። «እኅቴ፣ ሥራሽን አልነቅፍም» አለችኝ። «ልጄ ግን እስከ ትናንት አታውቅም ነበር። ማታ ‹እማዬ፣ አንቺ ሌሊት የት ትሄጃለሽ?› አለችኝ።» የምመልሰው አጣሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ልጁን ዝም ለማሰኘት መቸኮሌን ነገርኋት። «ዝም ማሰኘቱንማ ሁላችንም እናውቅበታለን» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ የነገሩን ሥር በአጭሩ ማስታወስ ይኖርብኛል። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች፣ በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን፣ ሸክላና ብረት መሥራት ለረጅም ዘመን በዋናነት የቤተ እስራኤል ሥራ ነበር። የአገሬው ትውፊት ነገሩን ከአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይጀምረዋል፤ ያልተጠመቀ ርስት አይኖረውም ተባለ ይላል። ርስት የሌለው በሌላው መሬት ላይ ያርሳል፤ ወይም መሬት የማይጠይቅ ሙያ ይይዛል፤ ጭቃና እሳት ይቀሩታል። አፈርን ዕቃ፣ ድንጋይን ብረት የሚያደርግ እጅ ደግሞ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም «ቡዳ» የሚል ስም አገኘ። ስሙ በተራው መገለሉን ተገቢ አስመሰለው። መጀመሪያ የተነጠቀው መሬት መሆኑ ተረሳ፤ የቀረው የጅቡ ተረት ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከመሠረቷት ከተማ ሕንፃዎች ጀርባ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እጅ እንዳለ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ፒያሳን ሳስተምር ጣሊያኖቹ ከተማን በሰው ዓይነት የመክፈልን ሐሳብ ወደ ጎንደር ያመጡ የመጀመሪያዎቹ አስመስዬ ነበር፤ ግን ጉባኤው በሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ ይቀድማቸዋል። በእርግጥ የጉባኤው መለያ ሃይማኖት እንጂ የቆዳ ቀለም አልነበረም። ትውልድ ከትውልድ እየወረሰው ሲሄድ ግን ልዩነቱ ለተገለለው ሰው እምብዛም አይታየውም።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ቤተ እስራኤልም የራሳቸው የንጽሕና ሥርዓት ነበራቸው፤ ከሌላው ጋር ከተነካኩ ይታጠቡ ነበር፤ አገሬው «አትንኩኝ» ይለው የነበረው ነው። መለያየቱ ከሁለት ወገን ነበር ብለው የሚከራከሩኝ ሰዎች አሉ። ነበር፤ ነገር ግን የአንደኛው ወገን መታጠብ የሌላውን ርስት አልወሰደም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ብዙዎች በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያም ሌላ መለያ ጠበቃቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በምሥጢር ሲጣል እንደኖረ ሲጋለጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አደባባይ ወጡ። በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ዛሬ የሸክላ ቅርጾቿን ለመንገደኛ ትሸጣለች። ስሙም፣ ፍርሃቱም፣ ሙያውን ከያዘው ሰው ጋር፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚሁ ቀርቷል።

እንግዲህ ለዚህ ታሪክ የሥዕል መጽሐፍ የለም፤ ቢያንስ እኔ በእጄ ልይዘው የምችለው። ራሴ ልሠራ ተነሣሁ፤ እዚያ ላይ ነው ከሥዕል መጽሐፍ ጠባይ ጋር የተጋጨሁት። በሩቢ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል፤ አንዲት ጠይም ልጅ በነጮች መካከል ስትሄድ ያየ ሕፃን ማን እንደተለየ አይጠይቅም። እኔ ሁለት ሴቶች ሣልሁ፤ ሁለቱም ጠይም፣ ሁለቱም ሹሩባ የተሠሩ፣ ሁለቱም ነጠላ የለበሱ። የትኛዋ እንደተገለለች ሥዕሉ አይናገርም። ለመለየት አንዷን አስቀያሚ ላድርጋት? ልብሷን ላቆሽሽ? ይህን ባደርግ የአያትየውን ተረት በሥዕል መድገሜ ነው። ቃሉን ልጻፍ? ቃሉን የማያውቁት ልጆች ከእኔ ይማሩታል፤ እንደ ጭቃው ቀን።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የሕፃናት መጽሐፍ ለአንባቢው መስኮትም መስታወትም መሆን አለበት ብላ ጽፋለች፤ ሌላውን የሚያይበት፣ ራሱን የሚያገኝበት። ሐሳቧ በመስኩ ያለን ሁሉ የምንጠቅሰው ነው። ሩቢ ለእኛ መስኮት ነበረች። እኛ ያጣነው መስታወት ግን የተገለለችው ልጅ ብቻ የምትታይበት አይደለም፤ ያገለለው ቤትም ይታይበታል። በዚህኛው መስታወት ፊት ልጁን ማቆም ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ቢሾፕም አልመለሰችልኝም።

መፍትሔው ከእናትየው መጣ። የሣልሁትን ይዤ ልጠይቃት ሄድሁ፤ ፊት ለፊት ብትመልሰኝ እንኳ አልፈርድባትም ነበር። ገጾቹን ገለጠች፤ ሳቀችም። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ጀበናችንን ገዝተው ምድጃቸው አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ከእሱ ያፈሉታል፣ ከእሱ ይጠጡታል። እኛን ግን ከደፉ አያሳልፉንም። ይህን ሣዪው።»

ሣልሁት። መጽሐፉ ስምንት ቅጠል ነው። አንዲት ሴት ጭቃ ትረግጣለች፣ ጀበና ትሠራለች፣ ታቃጥለዋለች፣ ተሸክማ ገበያ ትሄዳለች። አንዲት ሴት ትገዛታለችና ዕቃው ከባድ ስለሆነ እስከ ቤቷ እንድታደርስላት ትለምናታለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ጀበናው ይገባል። በስድስተኛው ቅጠል ላይ ቤቱ ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ሠሪዋ ከደፉ ማዶ ቆማለች፤ ጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ በእጇ ይዛለች። ምንም የተጻፈ ቃል የለም።

ይህችን ሲኒ ከየት እንዳመጣኋት እናትየዋ አልጠየቀችኝም። ያደግሁት ዳባት አያቴ ዘንድ ነው። አያቴ ለለማኝ እንጀራ የማትሰስት፣ የታመመ ጎረቤት ቤት የምታድር ሴት ናት። ጀበናና ምጣድ የምታመጣላት ሸክላ ሠሪ ስትመጣ ቡና ትሰጣታለች፤ ግን ደጅ፣ ከጓዳ ጥግ ለብቻው በሚቀመጥ ሲኒ። ያን ሲኒ እኛ ልጆቹ አንነካውም ነበር። አትንኩት ያለን ሰው ትዝ አይለኝም።

መጽሐፉን ሳነብላቸው ልጆቹ ስድስተኛው ቅጠል ላይ ቆሙ። ለምን አልገባችም? በሩ ጠቧት ነው? እግሯ ጭቃ ስለሆነ ነው? ቸኩላ ነው? የገመቱት ምክንያት ሁሉ ሊስተካከል የሚችል ነበር፤ እግሯን ትታጠብ፣ ትንሽ ትቆይ፣ በሩ ይስፋ። ያን ቀን እጁን የደበቀው ልጅ ብዙ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ጀበናው ግን ገብቷል» አለ። ይህን ያለው ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም፤ ከዚህ በላይም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ስለ እናቷ ምንም አልተናገረችም። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ወደ ሁለተኛው ቅጠል መለሰችውና «እጀታው እንዲህ አይደለም የሚያያዘው፤ ይወድቃል» አለች። ጓደኞቿ ተከበቡና አሳየቻቸው። እጀታውን እንደ ነገረችኝ አስተካክያለሁ።

ስምንተኛው ቅጠል አሁን ባዶ ነው። በመጀመሪያ ሴትየዋ ገብታ ከሌሎቹ ጋር ስትጠጣ ሥዬ ነበር። እናትየዋ ስታየው «ይህን የት አየሽው?» አለችኝ። አማካሪዬ የሕፃናት መጽሐፍ ያለ ተስፋ ማለቅ የለበትም ይላሉ፤ የሚሉትም ከልምድ ነው። እኔ ግን ሥዕሉን አወጣሁት። የሩቢ መጽሐፍ በመልካም የሚያልቀው ሩቢ በእርግጥ ስለገባች ነው።

ባለፈው የገና በዓል መጽሐፉን ይዤ ዳባት ሄድሁ። የአያቴ ዓይን ደክሟል፤ ስለዚህ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እየነገርኋት ገለጥሁ፤ እንደ ተረት አዳመጠችኝ። በስድስተኛው ቅጠል ላይ ሴትየዋ ከደፉ ማዶ መቆሟን ስነግራት «ማን ትባላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጀበናው ይህን ሁሉ ስጨነቅ ለሴትየዋ ስም አላወጣሁላትም ነበር። «ስም የላትም፣ እማማ» አልኋት።

አያቴ ዝም አለች፤ ከዚያ አንድ ስም ጠራች። ያቺ ሸክላ ሠሪ ቤታችን እየመጣች ባደግሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ስም ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። አገር ለቃ በሄደችበት ማለዳ ልትሰናበታት መጥታ እንደነበር ነገረችኝ። «ልጆቿን ይዛ መጣች» አለች አያቴ፤ «እኔም ደፉ ላይ ቆሜ ሸኘኋት።»